በግልዎ የሠሩትን ጌም ሰው እንዲያውቀው ለማድረግ፦ ከዝግጅት እስከ ልቀት ያለ አሠራር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ ከሰላምታ ቀጥለው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጌሙ አልቋል፤ አሁን ሰው እንዴት ይወቀው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ አንዱን ነገር ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው እየዘነጋሁ ስለተቸገርሁ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ። መመሪያው ብቻቸውን ወይም ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ ለማስታወቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ ሳይኖራቸው፣ ጌማቸውን በኢንተርኔት ለሚያሰራጩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዙልኝ። ጥያቄው የሚመጣልኝ ጌሙ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ የማስተዋወቁ ሥራ መጀመር የነበረበት ግን ጌሙ ገና ግማሽ ላይ ሳለ ነው። የመጀመሪያ ጌሜን ገጹን በከፈትሁበት ዕለት ስለለቀቅሁት ያወረዱት የማውቃቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱ ሌላ መውጣቱን የሚጠብቅ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተደረደሩት ጌምዎ በሚለቀቅበት ቀን የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ እንዲኖር ለማድረግ ነው። ስለዚህ ከልቀቱ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ይመድቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ሊጫወቱት የሚቻል፣ ቢያንስ አንድ ደረጃ ያለው ጌም።
• የኮምፒውተር ስክሪን ለመቅዳት ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም፤ ጌሙ የስልክ ከሆነ ደግሞ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ከራሱ ጋር የሚመጣው የስክሪን መቅጃ ይበቃል።
• ቪዲዮ ለመቁረጥና ለማቀናበር ኬደንላይቭ ወይም የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ።
• በአማርኛ ለሚጻፍ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ የፊደል ቅርጽ (ፎንት)።
• ለጌሙ ብቻ የተከፈተ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተጠበቀ የኢሜይል አድራሻ።
• ጌሙ ለሚሰራጭባቸው የኢንተርኔት መደብሮች መመዝገቢያ፤ ለጎግል ፕሌይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 25 የአሜሪካ ዶላር፣ ለስቲም ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር። ኢች ዶት አይኦ የመመዝገቢያ ክፍያ የለውም።
• በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ። ይህን የማግኘቱ ጉዳይ ጊዜ ስለሚወስድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይከታተሉት።

ደረጃ 1፦ ጌሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ

ዓረፍተ ነገሩ ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚያስቸግረው መናገር አለበት። «የመኪና መንዳት ጌም» ብለው ቢጽፉ ሰሚው ከዚህ በፊት ያያቸውን ብዙ ጌሞች ያስባል እንጂ የእርስዎን አያስብም። «እህል የጫነ መኪና፣ አንድ ጆንያ ሳይወድቅ፣ ጉም በሸፈነው በሀረጎ ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የማድረስ ጌም» ብለው ቢጽፉ ግን ሥራውም፣ ችግሩም፣ ቦታውም በአንድ ጊዜ ይታያሉ።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ። ሀረጎን የሚያውቅ የወሎ ሰው ስሙን ሲሰማ ጠመዝማዛው መንገድና ጉሙ ወዲያው ይታዩታል፤ ለውጭ ሀገር ተጫዋች ግን ስሙ ብቻውን ምንም ስለማይነግረው «በኢትዮጵያ ገደላማ የተራራ መንገድ» ብሎ መግለጽ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ቀላል ቢመስልም አይዝለሉት፤ የመደብር ገጽዎ፣ የቪዲዮዎ ርዕስና ለጋዜጠኛ የሚልኩት ደብዳቤ ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የሚቀዱት።

ደረጃ 2፦ ጌሙን ለማያውቅዎ ሰው ሰጥተው ዝም ብለው ይመልከቱ

ስልክዎን ወይም ላፕቶፕዎን ይዘው ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ፣ ወደ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም በፒያሳ ወዳሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ይሂዱ። አምስት ሰዎች ተራ በተራ እንዲጫወቱ ይጠይቁ፤ እየተጫወቱ ሳለ ምንም አያስረዱ፣ አይጠቁሙ። የት እንደቆሙ፣ የት እንደሳቁና መቼ ስልኩን እንደመለሱልዎት በማስታወሻ ይያዙ።

ይህ ደረጃ ከማስተዋወቅ ሥራ ውስጥ የገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግራ ተጋብቶ የሚተወውን ጌም የቱንም ያህል ቢያስተዋውቁት ትርፉ መጥፎ አስተያየት ማሰባሰብ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ የሳቁበት ወይም የጮኹበት ቅጽበት ለቪዲዮዎ የሚሆነውን ትዕይንት ያለ ምንም ወጪ ይጠቁምዎታል። ዘመድና የቅርብ ጓደኛ ላለማስከፋት ብሎ «ጥሩ ነው» ስለሚል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ለጌሙ አንድ ቤት ይምረጡለት

ጌምዎ በየትኛው መደብር እንደሚኖር ወስነው ገጹን ይክፈቱ፤ ከዚህ በኋላ የሚያሰራጩት ነገር ሁሉ ሰውን የሚያመጣው ወደዚያ አንድ ሊንክ ብቻ ይሁን። አንዱን ሰው ወደ ፌስቡክ፣ ሌላውን ወደ ዩቲዩብ፣ ሦስተኛውን ወደ መደብር ከላኩ ግን ሰዎቹ ስለሚበተኑ በልቀቱ ቀን ሊጠሯቸው ሲፈልጉ በአንድ ቦታ አያገኟቸውም።

ሀ) ኢች ዶት አይኦ። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ክፍያ አይጠይቅም፣ በብሮውዘር የሚሠራ ጌም ከሆነም ተጫዋቹ ምንም ሳያወርድ ወዲያው መጫወት ይችላል። የሽፋን ምስሉ 630 በ500 ፒክስል ይሁን።

ለ) ጎግል ፕሌይ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በኋላ የተከፈተ የግል አካውንት ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት የሚሳተፉበት ዝግ ሙከራ ማካሄድ ይኖርበታል። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ቀን ቆርጠው ካስታወቁ በኋላ ነው። አንድ ሰው በመሃል ቢወጣ ቁጥሩ እንዳይጎድል ከ12 በላይ፣ ለምሳሌ 20 ሰዎች ይመዝግቡ፤ በደረጃ 2 ያገኟቸው ተጫዋቾች ለዚህ ይጠቅማሉ። የጌሙ ስም ከ30 ፊደላት፣ አጭር መግለጫው ከ80 ፊደላት እንዳይበልጥ መደብሩ ስለሚገድብ የደረጃ 1 ዓረፍተ ነገርዎን በዚህ ልክ ያሳጥሩት።

ሐ) ስቲም። ለኮምፒውተር ጌም ሲሆን፣ ክፍያውን ከፈጸሙ በኋላ ጌሙን ለመልቀቅ ቢያንስ 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ «በቅርቡ ይመጣል» የሚለው ገጽም ከልቀቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ሁለት ሳምንቱ ትንሹ ልክ ነው፤ እርስዎ ግን ገጹን በወራት አስቀድመው ይክፈቱት። ምክንያቱም ገጹን ያዩ ሰዎች ጌሙን በዊሽሊስታቸው (ወደፊት ሊገዟቸው የሚፈልጓቸውን ጌሞች በሚይዙበት ዝርዝር) ውስጥ ያስገቡታል፣ በሚለቀቅበት ቀንም ስቲም ራሱ ለእነዚህ ሰዎች ኢሜይል ይልካል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርድ ስላለው ብቻ በሌላ ሰው ስም አካውንት አይክፈቱ። ገጹ፣ የተሰበሰበው ዊሽሊስትና ገቢው ሁሉ የአካውንቱ ባለቤት ንብረት ይሆናል፤ ከሰውየው ጋር ቢለያዩ የወራት ልፋትዎ ከእርሱ ዘንድ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ምስሎችንና ቪዲዮውን ያዘጋጁ

ቢያንስ አምስት ስክሪንሹቶችን ያንሡ፤ ሁሉም ከጨዋታው መሃል የተነሡና እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ይሁኑ። የማውጫ ገጽ ወይም የጌሙ ስም ብቻ የተጻፈበት ምስል ስለ ጨዋታው ምንም ስለማይናገር ቦታ አይስጡት። በሽፋን ምስሉ ላይ የጌሙን ስም በግእዝ ፊደል ከጻፉ ምስሉን አሳንሰው በስልክ ይመልከቱት፤ ቀጫጭንና እግራቸው የሚመሳሰል ፊደላት፣ ለምሳሌ «ሰ» እና «ስ»፣ ሲያንሱ ስለማይለዩ ወፍራም ፊደል ያስፈልጋል።

ቪዲዮው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ጨዋታውን ራሱን ያሳዩ፤ የእርስዎን መለያ ምልክትና ስም ወደ መጨረሻ ያድርጉት። ተመልካቹ ገና እርስዎን ስለማያውቅ በምልክቱ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ቪዲዮውን ለማለፍ ሰበብ ይሰጠዋል። ለቲክቶክና ለዩቲዩብ ሾርትስ ደግሞ 1080 በ1920 ፒክስል የሆነ የቆመ ቅጂ ለብቻው ያዘጋጁ፤ የተኛውን ቪዲዮ ከላይና ከታች ጥቁር አድርገው ከለጠፉት ጨዋታው በጣም አንሶ ይታያል።

ስለ ሙዚቃው በተለይ ላስጠንቅቅዎት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ይህ ነው። ወሎ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት ሀገር እንደመሆኑ በጌሙ ውስጥ የሀገሩን ዜማ ማስገባት ጌሙን ከሌሎች የሚለይ ትልቅ ሀብት ነው። ቅኝቱን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ አንድ ድምፃዊ የቀዳው ዘፈን ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብት አለው። ከዩቲዩብ ላይ የወረደ ዘፈን በጌሙ ውስጥ ካስገቡ፣ ጌሙን የሚያሳይ ዩቲዩበር ሁሉ ቪዲዮው በዩቲዩብ የመብት መቆጣጠሪያ ሊያዝና የማስታወቂያ ገቢው ለዘፈኑ ባለቤት ሊተላለፍ ይችላል። ይህን የደረሰበት ዩቲዩበር ዳግመኛ ጌምዎን አያሳይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልገው በቅኝቱ አዲስ ዜማ ያስቀዱ፣ ዜማው በጌሙም ሆነ ጌሙን በሚያሳዩ የሌሎች ሰዎች ቪዲዮዎች ላይ እንዲሰማ የተስማሙበትን ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ደረጃ 5፦ ፕሬስ ኪት ያደራጁ

ፕሬስ ኪት ማለት ስለ ጌምዎ የሚጽፍ ሰው እርስዎን ሳይጠይቅ የሚፈልገውን ሁሉ የሚያገኝበት አንድ ማኅደር ነው። በውስጡ አጭርና ረጅም መግለጫ፣ የሚለቀቅበት ቀን፣ ዋጋ፣ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች፣ ስክሪንሹቶች፣ ሎጎ፣ ቪዲዮና የእርስዎ ኢሜይል ይኑሩ። በጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጠው «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለውን መምረጥዎን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ከአካውንትዎ ወጥተው ሊንኩን ራስዎ ይክፈቱት። ጽሑፉን ነገ ማውጣት ያለበት ጋዜጠኛ «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል ገጽ ከገጠመው ወደ ሌላ ጌም ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ በየሳምንቱ አንድ ነገር ያሳዩ

በሀገር ውስጥ ለሚገኙ ተጫዋቾች የቴሌግራም ቻናል፣ ለውጭዎቹ የዲስኮርድ ሰርቨር (ተጫዋቾች የሚወያዩበት የመልእክት መድረክ) ይክፈቱ። በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር ቪዲዮ፣ የተቀየረ ነገር ወይም «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ይለጥፉ። ጥያቄው በተለይ ይጠቅማል፤ በጌሙ ላይ ሐሳብ የሰጠ ሰው ሐሳቡ ተግባራዊ ሲሆን ሌሎችን ራሱ ይጠራልና። እያንዳንዱ ልጥፍ በመጨረሻው ላይ የመደብሩን ሊንክ ይያዝ።

የሰዉን የዳታ ወጪም ያስቡለት። በቻናሉ የሚለጥፏቸው ቪዲዮዎች ከ10 ሜጋባይት በታች ቢሆኑ ብዙ ሰው ይከፍታቸዋል፤ የስልክ ጌም ከሆነም የጌሙን መጠን በቻለዎት መጠን ያሳንሱ፣ መጠኑንም በግልጽ ይጻፉ። የራም አቅማቸው አነስተኛ በሆነ ስልኮች ላይ መሞከርዎንም አይርሱ፤ በእጃችን በብዛት ያሉት እነርሱ ናቸው።

ደረጃ 7፦ ዴሞ ይልቀቁ

ዴሞ ማለት ሰው እንዲሞክረው በነፃ የሚለቀቅ የጌሙ ክፍል ነው፤ ተጫዋቹ ደስ እያለው የሚያልቅና መጨረሻው ላይ ወደ ገጹ የሚወስድ ቁልፍ ያለው ይሁን። ጌምዎ በስቲም ላይ ከሆነ ኔክስት ፌስት በተባለው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት ወራት አካባቢ በሚካሄደው የዴሞ ፌስቲቫል መሳተፍ ይችላሉ። አንድ ጌም የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያልበሰለ ዴሞ ይዘው አይግቡ፤ ከልቀትዎ ቀን በፊት ያለውን የመጨረሻውን ፌስቲቫል ይምረጡ፣ ምዝገባውም ከፌስቲቫሉ ቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን አስቀድመው ይያዙ።

ደረጃ 8፦ ለዩቲዩበሮችና ለጋዜጠኞች ይጻፉ

በመጀመሪያ ከእርስዎ ጌም ጋር የሚቀራረቡ አምስት ጌሞችን ይምረጡ። የእነዚያን ስም በዩቲዩብና በጎግል ፈልገው ስለ እነርሱ የሠሩ ሰዎችን ይመዝግቡ። ሠላሳ ሰዎች ይበቃሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ተከታይ ያላቸውን ብቻ አይደርድሩ፤ ጥቂት ሺህ ተከታይ ያለው ዩቲዩበር ደብዳቤዎን ራሱ ያነባል፣ ተከታዮቹም እንዲህ ዓይነት ጌም ፈልገው የመጡ ናቸው። ከሀገር ውስጥም በአማርኛ የሚሠሩ የጌምና የቴክኖሎጂ ቻናሎችን፣ የአካባቢውን የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎችም ያካትቱ፤ ለሬዲዮ የሚቀርበው ዜና ግን ጌሙ ሳይሆን ጌሙ የሚያሳየው ቦታ ነው።

ደብዳቤው ከስድስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉት፦

ሀ) የሰውየውን ስምና የትኛውን ሥራውን አይተው እንደጻፉለት፤
ለ) የደረጃ 1 ዓረፍተ ነገርዎን፤
ሐ) የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት፤
መ) የቪዲዮውን፣ የገጹንና የፕሬስ ኪቱን ሊንክ፤
ሠ) ጌሙን በነፃ የሚያገኝበትን ኮድ ወይም ኮዱን እንደሚልኩለት።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ በጅምላ አይላኩ፤ ተቀባዩም ያውቀዋል፣ የኢሜይል አገልግሎቱም ወደ አላስፈላጊ መልእክቶች ሊጥለው ይችላል። ልቀቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ይላኩ፤ መልስ ካልመጣ ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።

ስለ ቀንና ሰዓት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር «ታኅሣሥ 5 ጠዋት 3 ሰዓት» የምንለውን የውጭ ሰው እንዲሁ ቢተረጉሙለት ዲሴምበር 5 ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ እውነተኛው ቀን ግን በአብዛኞቹ ዓመታት ዲሴምበር 14 ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የአውሮፓውያኑን ቀንና የዩቲሲ (የዓለም አቀፉን መለኪያ) ሰዓት ይጻፉ። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት 06:00 ዩቲሲ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ገጽዎ በታየ በጥቂት ቀናት ውስጥ «ትልቅ ዩቲዩበር ነኝ፤ አምስት ኮድ ላክልኝ» የሚሉ ኢሜይሎች ይመጣሉ። አብዛኞቹ ኮዱን ወስደው የሚሸጡ ናቸው። የላኪውን ኢሜይል በቻናሉ መግለጫ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ አንድ ፊደል ከተለየ መልስ አይስጡ። «የማስታወቂያ ውል» ብለው የሚልኩትን የታመቀ ፋይልም አይክፈቱ፤ አካውንት የሚሰርቅ ፕሮግራም ሊኖርበት ይችላል።

ደረጃ 9፦ የልቀቱ ቀን

የመጨረሻውን ቢልድ (ለመልቀቅ የተዘጋጀውን የጌሙን ቅጂ) ከቀኑ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አስገብተው ያስገምግሙ፤ ስቲም ለግምገማ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀናት ይወስዳል፣ ስሕተት ካገኘም እንደገና ይመለሳል። በመጨረሻው ምሽት መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ያኔ የሚቀርዎት ሥራ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ይሆናል፤ ለዚያም የተሞላ ስልክና የሁለቱንም ቴሌኮም ሲም ካርዶች ከነዳታቸው ያዘጋጁ።

የስቲም የመደብር ቀን የሚዞረው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በእነርሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ይህም በእኛ በክረምታቸው ማታ 3 ሰዓት፣ በበጋቸው ማታ 2 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አካባቢ መልቀቅ የውጭ ተጫዋቾች ነቅተው ባሉበት ጊዜ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ እርስዎም ሌሊቱን ስሕተት ለማረም ተዘጋጅተው ይቀመጡ። ሲለቀቅ በቴሌግራም፣ በዲስኮርድና ለጻፉላቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳውቁ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ለእያንዳንዱ አስተያየት፣ በተለይ ለተቆጣው፣ በትሕትና ይመልሱ፤ ስሕተቱ ሲታረምም መታረሙን እዚያው ይጻፉ። ስቲም ላይ የአስተያየት ደረጃ የሚታየው 10 አስተያየት ሲሞላ ነው፤ በነፃ ኮድ የተከፈተ ጌም ላይ የተሰጠ አስተያየት ደግሞ በዚህ ደረጃ ውስጥ አይቆጠርም። ስለሆነም ለመግዛት ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ኮድ አይስጡ፤ ኮዱን ለሚያሳዩና ለሚጽፉ ሰዎች ያስቀምጡት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

• አስተያየት ወይም የማውረድ ቁጥር መግዛት። መደብሮቹ ይከለክሉታል፤ አካውንቱም ሊዘጋ ይችላል።
• በፌስቡክ ግሩፖች ሁሉ ሊንኩን ብቻ ለጥፎ መሄድ። ቪዲዮ የሌለው ሊንክ አይከፈትም፤ ከግሩፑም ሊያስወጣ ይችላል።
• የጌሙን ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ መጻፍ። አንዱን የአማርኛና አንዱን የላቲን አጻጻፍ ወስነው በሁሉም ቦታ ያንኑ ይጠቀሙ፤ አለዚያ ፈልጎ የሚያገኝዎት የለም።
• ቀኑን ሳያረጋግጡ ማስታወቅ። ግምገማው አልፎ እስኪያዩ ድረስ ለሕዝብ ወሩን ብቻ ይናገሩ።
• ሰው ከየት እንደመጣ አለመከታተል። የመደብሮቹ መቆጣጠሪያ ገጽ ጎብኚዎች ከየት እንደመጡ ያሳያል፤ በየሳምንቱ አይተው ሰው ያመጣውን ቦታ ይደጋግሙት፣ ምንም ያላመጣውን ይተዉት።